እህል እያለ ጓዳ ሲራቆት፦ ወረርሽኝና የምግብ ጥያቄ

ኮቪድ በገባበት ሰሞን፣ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ማብቂያ ላይ፣ ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ተነሥቶ ጃንሜዳ ሰፈረ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ደላላውና ሸማቹ ትከሻ ለትከሻ በሚጋፋበት ጠባብ ተራ ርቀት ጠብቁ ማለት ቀልድ ነው። ታቦት የሚያድርበት ሜዳ የሽንኩርትና የቲማቲም ማራገፊያ ሆነ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ሆነ፤ የተጣለው ጎመን ከጭቃው ጋር ተላቆጠ። ገበያው ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ሽንኩርቱ ከገበሬው ይመጣል፣ ይራገፋል፣ ይሸጣል። በዚያው ሰሞን በዚያው ከተማ ሽንኩርት መግዛት ያቃታቸው ቤቶች ነበሩ።

ወረርሽኝ ሰውን የሚያስርበው በየት በኩል ገብቶ ነው? በማሳው? በመንገዱ? በኪሱ? ወይስ በፍርሃቱ? ተመራማሪዎች ለዚህ የሰጡት መልስ አንድ አይደለም። ልዩነቱ ግማሹ ከወረርሽኞቹ ጠባይ የመነጨ ነው፤ ግማሹ ደግሞ "ረሃብ" የሚለውን ቃል እያንዳንዱ ከሚለካበት መንገድ።

ከክፉ ቀን እስከ ኅዳር በሽታ

በእኛ ታሪክ በሽታና ረሃብ ተነጣጥለው የሚነገሩ አይደሉም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ሲነሣ መጀመሪያ የፈጀው ከብትን ነበር። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ከውጭ በገቡ ከብቶች መጥቶ መሀል አገር ዘለቀ። ታሪክ ጸሐፊዎች ከአገሪቱ ከብት ዘጠና በመቶ ያህሉ አለቀ ይላሉ። መሬቱ እንዳለ ነው፤ ጉልበት ያለው ሰውም አልጠፋም። በሬ ግን የለም። ያለ በሬ ሞፈርና ቀንበር ምን ይሠራሉ? ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ሲጨመሩበት፣ ከኋላም ፈንጣጣና ኮሌራ ሲከተሉ፣ ረሃቡ በትውልድ የማይረሳ ሆነ። እዚህ ላይ በሽታው የገባው በማሳው በኩል ነው።

ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1911 ዓ.ም.፣ የኅዳር በሽታ መጣ። የዓለሙ ሁሉ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10 ሺህ ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ በበሽታው ወድቀው ነበር። ይህኛው በሬውን አልነካም፤ የነካው እጅን ነው። በአንድ ቤት ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲተኛ እህል በጎታ ቢኖርም የሚፈጭ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ እሳት የሚያነድ የለም። ወሩ ደግሞ አዝመራ የሚሰበሰብበት ነው። ከዚያ ዘመን የወረስነው ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠኑን ነው፤ በሽታውን በጭስ የማባረሩ ልማድ ቀርቶልናል፣ በዚያ ወር ማን ማንን እንዴት እንዳበላ ግን ብዙም አልተጻፈም።

እንግዲህ ከጥንቱ ሁለት መንገድ አለን፤ የምርት መንገድና የጉልበት መንገድ። ሦስተኛው፣ የገንዘብ መንገድ፣ ጎልቶ የታየው ሰው የሚበላውን ከማሳው ሳይሆን ከገበያ መሸመት ሲጀምር ነው። የዛሬው ክርክር አብዛኛው የሚሽከረከረው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው።

እህል መኖርና እህል ማግኘት

ይህን ልዩነት በንድፈ ሐሳብ ያጸናው ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ የ1943ቱን (እ.ኤ.አ.) የቤንጋል ረሃብና በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰውን የወሎ ረሃብ አስተያየ። ስለ ወሎ ያነሣው ነጥብ ያኔም ዛሬም ያስገርማል። ሰው እየረገፈ ሳለ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የሚጫን እህል ነበር። ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ የሚገዛበትም አብሮ ጠፋበት፤ የማይገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ አያስወድድም። ሴን ረሃብን "የእህል እጥረት" ብሎ ከመተርጎም "እህል የማግኘት መብትና አቅም መክሸፍ" ብሎ መተርጎም ይሻላል አለ።

የተቃወሙትም አሉ። በወሎ ምርቱ ራሱ ስለወደቀ የአቅርቦቱን ነገር አቃለሃል ያሉት አንደኞቹ ናቸው። ሌላው ተቃውሞ ለእኛ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። አሌክስ ደ ዋል በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የዳርፉርን ረሃብ አጥንቶ ሰዎቹን የገደላቸው የምግብ ማጣቱ ብቻ ሳይሆን መጨናነቁ፣ የተበከለው ውኃና ተላላፊው በሽታ ነው ሲል ተከራከረ። በዚህ አስተያየት በሽታ ረሃብን ብቻ አይወልድም፤ ረሃብም ገዳይ የሚሆነው በበሽታ እጅ ነው። ቀስቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይወረወራል።

ከእነዚህ ክርክሮች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 ሮም ላይ የተሰበሰበው የዓለም የምግብ ጉባኤ ለምግብ ዋስትና የጸደቀውን ትርጉም ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች ምግብን በአራት ወገን ይመዝናሉ። ምግቡ አለ ወይ? ሰው ያገኘዋል ወይ? ሰውነቱ ይጠቀምበታል ወይ? ይህስ ሁሉ ይዘልቃል ወይ? ወረርሽኝ አራቱን እኩል አይመታም። ስለ ኮቪድ የሚደረገው ጭቅጭቅ ብዙው ሁለት ሰዎች ስለተለያዩ ወገኖች እየተናገሩ አንድ ነገር የሚከራከሩ ስለሚመስላቸው የመጣ ነው።

የኤድስና የኢቦላ ፈተና

እ.ኤ.አ. በ2003 ደ ዋል ከአለን ዋይትሳይድ ጋር በላንሴት መጽሔት ላይ አንድ መላምት አቀረበ፤ በደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የተከሰተው የምግብ ቀውስ "አዲስ ዓይነት ረሃብ" ነው አሉ። ኤድስ ይበልጥ የሚገድለው ሕፃንና ሽማግሌን ሳይሆን የሚያርሰውን፣ የሚያርመውንና የሚነግደውን ነው። አባት ሲሞት የእርሻው ዕውቀት ሳይተላለፍ ይቀበራል፤ ለሕክምና በሬው ይሸጣል፤ ቀጥሎ ድርቅ ሲመጣ ቤቱ ተመልሶ መቆም ያቅተዋል። ሐሳቡ ማራኪ ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ በየቤቱ የተደረጉ ጥናቶች የተቀላቀለ ውጤት አመጡ፤ አንዳንዱ ቤት ፈረሰ፣ ሌላው በዘመድና በጉርብትና ተደግፎ ቆመ። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱ መስፋፋትም መላምቱ እስከ ጫፉ ሳይፈተን ታሪኩን ቀየረው።

ኢቦላ ሌላ ዓይነት ትምህርት ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጊኒ፣ ላይቤሪያና ሴራሊዮን ድንበር ዘጉ፣ ሳምንታዊ ገበያዎችን አገዱ፣ ወረዳዎችን በኳራንቲን ከበቡ። ያኔ የተፈራው የምርት ውድቀት ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በጋራ ሲገመግሙ የእህል ምርቱ በጊኒ 3፣ በሴራሊዮን 5፣ በላይቤሪያ 8 በመቶ ብቻ ቀንሶ ተገኘ። ያም ሆኖ በሚቀጥለው መጋቢት የምግብ ዋስትና የሚያጣው ሰው ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን እንደሚያልፍ ተነበዩ። ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ አይጋጩም። ማሳው አልወደቀም፤ ዛሬ ለምኖ፣ ዛሬ ተሸክሞ፣ ዛሬ ቸርችሮ ዛሬ የሚበላው ሰው ነው የወደቀው።

ትንበያው ከውጤቱ ጋር ሲነጻጸር

ኮቪድ ሲመጣ ይህ ሁሉ ዕውቀት ነበረ፤ የመጀመሪያዎቹ ትንበያዎች ግን ከሁሉም በላይ ጨለማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ኃላፊ ዴቪድ ቢዝሊ ለጸጥታው ምክር ቤት እንዳስጠነቀቁት በአጣዳፊ ረሃብ ላይ ያለው 135 ሚሊዮን ሰው በዓመቱ መጨረሻ 265 ሚሊዮን ሊደርስ ይችል ነበር። በኋላ የወጣው ዓለም አቀፍ ሪፖርት የ2020ን ቁጥር በ55 አገሮች 155 ሚሊዮን አደረገው። በዚያው ወር የዓለም ባንክ ስደተኞች ወደ ታዳጊ አገሮች የሚልኩት ገንዘብ 20 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ ተነበየ፤ የወረደው 1.6 በመቶ ነው።

ታዲያ ተንባዮቹ ተሳሳቱ? እዚህ ላይ ወገኑ ሁለት ነው። አንደኛው "ማስጠንቀቂያው ባይኖር ዕርዳታው አይመጣም ነበር፤ ስለዚህ ትንበያው ራሱን በራሱ አከሸፈ" ይላል። ሁለተኛው "የዓለም የእህል ክምችት በዚያ ዓመት ጥሩ ነበር፤ ሩዝና ስንዴ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አንዳንድ አገሮች የጣሉት እገዳም በወራት ውስጥ ላላ፤ የ2007 እና የ2008 (እ.ኤ.አ.) ዓይነት የዋጋ ንረት የሚያመጣ ነገር መጀመሪያውኑ አልነበረም" ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ቢሆንም 155 ሚሊዮንም ቢሆን ከቀደመው ዓመት በ20 ሚሊዮን እንደሚበልጥ መርሳት አይገባም።

ሕንድ ሦስተኛውን መንገድ፣ የገንዘቡን፣ አጉልታ አሳየች። አገሪቱ በመጋቢት 2020 መገባደጃ (እ.ኤ.አ.) በጥቂት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ስትዘጋ የመንግሥት መጋዘኖች እህል ሞልቷቸው ነበር። የከተማ የቀን ሠራተኞች ግን በረሃብ ምክንያት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ ገጠር መጓዝ ጀመሩ። መንግሥት ለ800 ሚሊዮን ያህል ሰው በነፍስ ወከፍ በወር 5 ኪሎ እህል በነጻ ማደሉ ብዙውን አዳነ፤ የራሽን ካርዱ ግን ሰው በተመዘገበበት መንደር እንጂ በሚሠራበት ከተማ አይሠራም ነበር። በካርዱ ያልተያዘው ሰው ነው የተራመደው።

የኢትዮጵያ ማስረጃ

ኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሕመምተኛ አገኘች። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፣ አከራዮች ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ አዘዘ፣ ታክሲ በግማሽ ወንበር በእጥፍ ዋጋ እንዲጭን ተደረገ። ጭር ያለ ሙሉ መዝጋት ግን አልተደረገም፤ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ጥሊሊና አዲስ ቅዳም ለሁለት ሳምንት ተዘግተው ነበር፤ ይህ ክልላዊ ውሳኔ ነው። ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው፤ በኬንያና በኡጋንዳ ስለ መዝጋት የተጻፈው ሁሉ ለአዲስ አበባ አይሠራም።

ሦስት ዓይነት ማስረጃ አለ፤ ሦስቱም አንድ ነገር አይናገሩም።

የመጀመሪያው የዓለም ባንክና የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ በስልክ ያካሄዱት ተከታታይ ቅኝት ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተጠየቁት ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ ገቢያችን ቀንሷል ወይም ጠፍቷል አሉ። ይህን ያነበበ ሰው አገሪቱ በረሃብ አፋፍ ላይ ናት ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ግን ያስቆማል። ካሌ ሂርቮነንና ባልደረቦቹ በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በኩል በአዲስ አበባ ያጠኑት ነው። ከወረርሽኙ በፊት፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ፣ ቤት ለቤት ሄደው እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚበላውን መዝግበው ነበር። በዓመቱ በዚያው ወቅት ለዚያው ቤተሰብ ደውለው የበላውን በዝርዝር ሲጠይቁ፣ ሰው ገቢዬ ቀነሰ ቢልም የተመገበው ብዛትና ዓይነት ከቀደመው ዓመት ብዙም አልተለየም። እንዴት? ቁጠባ አለ፣ ዕቁብ አለ፣ ዱቤ አለ፣ ከውጭ የሚላክ አለ። ወይም ደግሞ "ገቢህ ቀንሷል ወይ?" ሲባል ሰው የሚመልሰው ጭንቀቱን እንጂ ሒሳቡን አይደለም። አጥኚዎቹ ራሳቸው ገቢን በግርድፉ ጠይቆ ስለ ምግብ መደምደም አደገኛ ነው ብለዋል።

ሦስተኛው የገጠሩ ነው። ክብሮም አባይ፣ ጉሽ ብርሃነና ባልደረቦቻቸው ሴፍቲኔት የተባለው የድጋፍ ፕሮግራም ባለባቸው ወረዳዎች ያጠኗቸው ቤተሰቦች የምግብ ዋስትና ማጣት በ11.7 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ፤ ምግብ የሚያጥርባቸውም ጊዜ በግማሽ ወር ገደማ ረዘመ። በሴፍቲኔት የታቀፉት ቤተሰቦች ላይ ግን ጭማሪው 2.4 ነጥብ ብቻ ነበር። እንግዲህ ገጠሩ "ርቆ ስለሚኖር ተርፏል" የሚለው ግምት በቁጥር ፊት አልቆመም። ያተረፈው ርቀቱ ሳይሆን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ፕሮግራም ስሙ በቀበሌ መዝገብ የሠፈረው ቤተሰብ የሴፍቲኔት ክፍያውን ማግኘቱ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ግኝቶች ይህኛው ትልቁ ነው፤ ዜና ሆኖ የተሰማው ግን በጣም ጥቂት ነው።

ሦስቱን ማስታረቅ ይቻላል? በከፊል። አንዱ ስሜትን፣ ሌላው ድስትን፣ ሦስተኛው ወራትን ለካ። ግን የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ሁሉም የደወሉት ስልክ ላለው ሰው ነው። ስልክ የሌለው የገጠር ቤት ደግሞ ድሃው ቤት ነው።

ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬ ሥጋና ጉልት

ስለ ብዛት ብቻ ካወራን ግን የገበያውን ጠባይ እናጣዋለን። ወረርሽኙ የገባው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። በሽታው አገር መግባቱ በተሰማበት ሳምንት የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብል፣ የሎሚና የፌጦ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ይከላከላል ተብሎ ነበርና። በአንጻሩ ጥሬ አትክልት ያስይዛል የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ሲደርስ ደግሞ ወሬው ወደ ጥሬ ሥጋና ወደ ወተት ዞረ። ማንም አዋጅ አላወጣም። ሰው በገዛ ፍርሃቱ ሰላጣውን ተወ፣ ክትፎውን ጠበሰ። በዝዋይና በመቂ ዙሪያ ቲማቲም የሚያመርተው ገበሬ ግን ዋጋ ሲወርድበት ምክንያቱ ወሬ ይሁን ቫይረስ ለኪሱ ልዩነት የለውም።

የአትክልት ገበያውን የተከታተሉ ተመራማሪዎች የአንዱ ዋጋ ሲወጣ የሌላው ሲወርድ አገኙ። መሀል ያሉ ነጋዴዎች ትርፍ አጋበሱ የሚለው የተለመደ ክስ ለለውጡ ዋና ማብራሪያ ሆኖ አልተገኘም። ይህ ለደላላ ጥብቅና መቆም አይደለም፤ ግን በየቀውሱ ጣታችን ቀድሞ ወደ ነጋዴ ስለሚቀሰር መነገር አለበት።

በተራው ጫፍ ያለችው የጉልት ቸርቻሪ ናት። ጠዋት በዱቤ አምስት ኪሎ ቲማቲም ትወስዳለች፤ በመደብ በመደብ ደርድራ እስከ ማታ ትሸጥና ዱቤዋን ከፍላ ትርፉን ለልጆቿ እራት ታደርገዋለች። ጅምላው ከፒያሳ ሲርቅ፣ ታክሲው እጥፍ ሲሆን፣ ደንበኛዋ ሆቴል ሲዘጋ፣ ትርፏ በሦስት በኩል ተቆረጠ። እሷን የሚይዝ የሥራ ውል የለም፤ ሠራተኛ እንዳይባረር የሚለው የአዋጁ አንቀጽ አይነካትም።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚሠሩ ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ትዕዛዝ ሲቀንስ ብዙዎቹ ሥራ ለቅቀው ወይም ተሰናብተው ወደ ገጠር ቤተሰባቸው ተመለሱ፤ በመካከላቸው የምግብ ማጣት ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። የአዲስ አበባው አማካይ አልተነካም ሲባል እነዚህ ሴቶች በአማካዩ ውስጥ የሉም። ቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ በአሠሪዎቻቸው የተጣሉት የቤት ሠራተኞችና በዚያው ሰሞን ከሳዑዲ የተመለሱት ስደተኞችም እንዲሁ፤ ደሞዛቸው ተቋርጦ የሚበሉትን ያጡት እዚያ፣ የሚልኩት የቀረበት ቤተሰብ እዚህ።

ተማሪዎችን በተመለከተ ብዙ መከራከሪያ የለም። በዓለም 370 ሚሊዮን ሕፃናት የትምህርት ቤት ምገባ ተቋረጠባቸው፤ በኢትዮጵያ 26 ሚሊዮን ተማሪ ቤት ዋለ። ምገባ ለነበራቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቁርሱም አብሮ ተዘጋ።

ያልተቋጩ ነጥቦች

አንደኛው የመለየት ችግር ነው። በዚያው ዓመት የበረሃ አንበጣ ነበረ፤ ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ የከፋው ተብሏል። የምግብ ዋጋ ግሽበት ከወረርሽኙ በፊትም ከ20 በመቶ ያለፈ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ፈነዳ። ከዚያ በኋላ በሰሜኑ የታየውን ረሃብ ለኮቪድ መስጠት ስሕተት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውንም ሁሉ ለኮቪድ መስጠት እንዲሁ።

ሁለተኛው፣ የጎዳው በሽታው ነው ወይስ መከላከያው? ጥብቅ መዝጋት ድሃውን አስራበ የሚሉ አሉ፤ ባይዘጋም ሰው በፍርሃቱ ቤት ይውል ነበር የሚሉም አሉ። የሰላጣውና የክትፎው ታሪክ የሁለተኛዎቹን ያጠናክራል፤ የሕንድ መንገደኞች ታሪክ የመጀመሪያዎቹን።

ሦስተኛው እህል ይሰጥ ወይስ ገንዘብ የሚለው ነው። ገበያው እየሠራ ከሆነ ገንዘብ ፈጣን ነው፤ ዋጋ ሲጋልብ ግን ገንዘቡ በእጅ ላይ ይሟሟል። በፋሲካው ሰሞን የተጀመረው ማዕድ ማጋራት በልግስናው ብዙ ቤት አበላ፤ ግን የተቀባዩ ዝርዝር የተዘጋጀው በሩጫ ነበር። ሴፍቲኔቱ ዝርዝሩን አስቀድሞ ይዞ ስለነበር ሠራ። በከተማ የሚሠራው ተመሳሳይ ፕሮግራም ያኔ የሚደርሰው ለተወሰኑ ከተሞች ነበር። ተከራይ ደግሞ ቤቱን በለወጠ ቁጥር ከቀበሌ መዝገብ ሊወርድ ይችላል። የምግብ ክርክር መጨረሻው ብዙ ጊዜ የመዝገብ ክርክር ሆኖ ያርፋል።

የመጨረሻው የጽናት ነገር ነው። ወረርሽኝ ያመጣቸው ለውጦች የትኞቹ ያልፋሉ፣ የትኞቹ ይቀራሉ? ታክሲው ወደ ሙሉ ወንበሩ ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ጃንሜዳም ለ2013ቱ ጥምቀት ተጠርጎ ለታቦታቱ ተለቀቀ፤ አትክልት ተራው ግን ለቡ አካባቢ ወደሚገኘው ሃይሌ ጋርመንት ሄደ እንጂ ወደ ፒያሳ አልተመለሰም።